ከበሮው ሲከለከል፦ የጃዝ አፍሪካዊ ሥር የት ነው ያለው?

በማርች 2022 የኒው ኦርሊንስ ከተማ የትምህርት ቦርድ አንድ አሮጌ ደንብ ሻረ። ደንቡ የወጣው በማርች 1922 ነበር፤ ልክ መቶ ዓመት በመዝገብ ላይ ኖሯል። በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጃዝ እንዳይጫወቱ፣ በጃዝም እንዳይጨፍሩ የሚከለክል ደንብ ነው። ጃዝ በተወለደበት ከተማ! ሉዊ አርምስትሮንግ ኮርኔቱን ይዞ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ቺካጎ የተሳፈረውም በዚያው በ1922 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እርግጥ ደንቡ ከተረሳ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እነዚያው ትምህርት ቤቶች ስንት ጥሩምባ ነፊና ከበሮ መቺ አፍርተዋል። ይሁን እንጂ «ያኔ የወሰንነው ስህተት ነበር» ለማለት መቶ ዓመት ፈጅቷል።

የ1922ቱ ሰዎች ጃዝን የከለከሉት ስላልገባቸው ብቻ አይመስለኝም። ከመንገድ፣ ከቀብር ሰልፍና ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን እንደመጣ ያውቁ ነበር። የተቀመጠን ሰው እንደሚያስነሳ፣ በተጫዋችና በአድማጭ መካከል አጥር እንደማያኖር አይተዋል። የፈሩትም ይህንኑ ነው። ዛሬ ጃዝ በየሆቴሉ አዳራሽ ለእራት ማጀቢያ ሆኖ ሲንቆረቆር ስሰማ፣ አንዳንድ ጊዜ ከወዳጆቹ ይልቅ ከልካዮቹ የበለጠ ተረድተውት ነበር እላለሁ።

ስለ ጃዝ አመጣጥ ሲወራ ብዙዎቻችን በቃላችን የያዝነው አንድ አባባል አለ፦ ጃዝ ምቱን ከአፍሪካ፣ ዜማውንና መሣሪያውን ከአውሮፓ ወሰደ። ለፈተና መልስ የሚሆን አባባል ነው። ነገር ግን አፍሪካን ወደ ክንድና ወደ እግር ዝቅ አድርጎ፣ ማሰቡን ለሌላው ይሰጣል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ከአፍሪካ የተሻገረው ትልቁ ነገር «ሙዚቃ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በዚያ መልስ መሠረት ሙዚቃ ይጠራል፤ ሕያዋንን ወደ ክብ፣ ሙታንን ወደ መታሰቢያ፣ መንፈስን ወደ ሰው ይጠራል። ምቱም ቅኝቱም የዚህ ጥሪ አገልጋዮች ናቸው።

ከግንቡ ጀርባ ያለው ሜዳ

ፈረንሳዮች ኒው ኦርሊንስን በ1718 ቆረቆሩ። በ1724 ለሉዊዚያና የወጣው የባሪያ ሕግ ጨካኝ ቢሆንም፣ ካቶሊካዊ ስለነበረ እሑድን የሥራ ማቆሚያ ቀን አደረገ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ይህችን አንዲት ቀን አጥብቀው ያዟት። ከከተማዋ አጥር ጀርባ ባለው ሜዳ ተሰብስበው ይገበያዩ፣ ይመቱ፣ ይዘፍኑ ነበር። በ1817 የከተማዋ አስተዳደር ስብሰባው ከንቲባው በሚመርጠው ስፍራ ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ የተመረጠው ያ ሜዳ ሆነ። ስሙ የኮንጎ አደባባይ ይባላል።

ቤንጃሚን ላትሮብ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት በፌብሩዋሪ 1819 አንድ እሑድ በዚያ ሲያልፍ፣ ፈረሶች የእንጨት ወለል የሚረግጡ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ቀርቦ ሲያይ ከ500 እስከ 600 የሚደርሱ ጥቁሮች በየክቡ ተሰብስበዋል። አንድ ሽማግሌ ከበሮ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ በእጁና በጣቶቹ ይመታል። በሌላ በኩል ከቅል የተሠራ ባለ አውታር መሣሪያ ይደረደራል፤ በመሣሪያው አናት ላይ የሰው ምስል ተቀርጿል። በክቡ መሐል ሴቶች መሐረብ ይዘው ይወዛወዛሉ። ላትሮብ ያያቸውን መሣሪያዎች በማስታወሻው ሥሏል። ሆኖም አረመኔያዊና አሰልቺ ነው ብሎ ተጸይፎታል። ከዚያ ዘመን ከቀሩልን ምስክርነቶች ሁሉ ምርጡን ያቆየልን፣ ያየውን የናቀ ሰው መሆኑ ያሳዝነኛል። የእነዚያን ከበሮ መቺዎች ስም የጻፈ የለም።

«አፍሪካ» ስንል ደግሞ የትኛዋን? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በፈረንሳይ ዘመን ወደ ሉዊዚያና የተጋዙት አብዛኞቹ ከሴኔጋምቢያ ነበሩ፤ ባለ አውታር መሣሪያ የሚደረድሩ፣ ዘር እየቆጠሩ የሚያወድሱ አዝማሪዎች ያሉባት፣ እስልምና የዘለቀባት አገር ናት። በስፔን ዘመንና ከዚያም በኋላ ከኮንጎ አካባቢና ከቤኒን ባሕረ ሰላጤ ብዙዎች መጡ። በ1809 እና በ1810 ደግሞ ከሄይቲ አብዮት ሸሽተው በኩባ በኩል የመጡ ከ9,000 በላይ ሰዎች ከተማዋን አጥለቀለቋት፤ ነጮች፣ ነጻ ጥቁሮችና በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩባቸው፤ የቮዱ እምነትም ከእነርሱ ጋር በረታ። እንግዲህ የአደባባዩ ክቦች ቋንቋቸው፣ አምላካቸው፣ ቅኝታቸው የተለያየ ሕዝቦች ጎን ለጎን ቆመው እርስ በርስ የተደማመጡባቸው ናቸው። እዚያ የተጀመረው መደማመጥ በኋላ የጃዝ ባሕርይ ሆኗል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እጅና እግር ከበሮ ሲሆኑ

ኒው ኦርሊንስ ልዩ ነበረች። በአንዳንድ ሌሎች የደቡብ ግዛቶች ከበሮ ራሱ ወንጀል ነበር። በሴፕቴምበር 1739 በደቡብ ካሮላይና ስቶኖ ወንዝ አጠገብ በባርነት የተያዙ ሰዎች አመጹ። ብዙዎቹ ከኮንጎ መንግሥት የመጡ ሲሆኑ፣ ከበሮ እየመቱ፣ ሰንደቅ ይዘው ወደ ደቡብ ገሰገሱ። አመጹ በደም ተደመሰሰ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ባሪያ መሣሪያ እንዳይዝ ሲከለክል ከበሮንና ቀንደ መለከትንም አብሮ ከለከለ። ሕግ አውጪዎቹ ከበሮን ከጦር መሣሪያ ጋር በአንድ አንቀጽ ማስቀመጣቸው ከበሮው ምን ያህል ይናገር እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚያስ? ከበሮ የተነጠቀው ሕዝብ ሰውነቱን ከበሮ አደረገ። ጭን፣ ደረት፣ መዳፍ፣ ተረከዝ ሁሉ የየራሱን ድምፅ ያወጣ ጀመር። አንዱ እጅ አንድ ምት ሲይዝ እግር ሌላውን ይይዛል፤ በምዕራብ አፍሪካ በአራትና በአምስት ከበሮ የሚከፋፈለው ንግግር በአንድ ሰው አካል ውስጥ ተጠቃለለ። ዛሬ የጃዝ ከበሮ መቺ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ አራት የተለያዩ ነገሮች ሲናገር ስናይ፣ መቀመጫው ላይ ያለው አንድ ሰው የአንድ መንደር ከበሮ መቺዎችን ወክሎ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ «ሪንግ ሻውት» የሚባለው የክብ አምልኮ ነው። በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻና ደሴቶች በሚኖሩት በጉላ ጊቺ ሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ አለ። በጆርጂያዋ የቦልደን መንደር በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሌሊቱን ይከናወናል። አንዱ መዝሙሩን ያወጣል፤ ተቀባዮች ይቀበላሉ፤ አንዱ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን እየወቃ ምቱን ይይዛል። ሌሎች ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ እየዞሩ፣ እግራቸውን ከወለሉ ብዙም ሳያነሱ ይንሸራተታሉ። አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ እግር ማጠላለፍ ክልክል ነው። ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ጭፈራን ኃጢአት ስላሉ፣ እግር ከተጠላለፈ ጭፈራ ይሆናል፤ ካልተጠላለፈ ጸሎት ነው። ሕዝቡ በዚህች ጠባብ በር አሾልኮ የአባቶቹን ክብ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገባው። ማሕሌት ቆሞ መቋሚያውን ከዜማው ጋር ሲያወርድና ሲያነሳ ያየ አንባቢ ከአካል እንቅስቃሴ ያልተለየ ጸሎት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

ለምን ከሰዓት በተቃራኒ? በኮንጎ ሕዝብ እምነት የሰው ሕይወት እንደ ፀሐይ ነው፤ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትበረታለች፣ ትጠልቃለች፣ በሙታን ዓለም አልፋ እንደገና ትወጣለች። ይህን ዑደት መስቀል ባለበት ክብ ይሥሉታል፤ ሕያዋንንና ሙታንን የሚለየው አግድም መስመር ውኃ ነው፣ ስሙም ካሉንጋ። ዑደቱ የሚሄደው ከሰዓት በተቃራኒ ነው። ስተርሊንግ ስታኪ የተባሉት የታሪክ ምሁር ይህ የክብ አምልኮ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ ሕዝቦች የመጡትን ባሮች አንድ ሕዝብ ያደረጋቸው ነው ብለው ተከራክረዋል። የቋንቋ ምሁሩ ሎሬንዞ ዳው ተርነር በበኩላቸው «ሻውት» የሚለውን ቃል ካዕባን መዞርን ከሚገልጽ የአረብኛ ቃል ጋር አያይዘውታል፤ በዚህ ሁሉም አይስማማም። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ አትላንቲክን በሰንሰለት ታስሮ የተሻገረ ሰው ውኃን የሙታን ድንበር አድርጎ ሲዞር ምን እያሰበ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ከአደባባዩ እስከ በዲ ቦልደን

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኮንጎ አደባባይ ስብሰባዎች ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ከስመዋል። በጃዝ ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ ሰው የሚባለው ኮርኔት ነፊው በዲ ቦልደን የተወለደው በ1877 ነው። መሐል ላይ ሰፊ ክፍተት አለ። ስለዚህ «ጃዝ ከኮንጎ አደባባይ ወጣ» የሚለው አባባል ለመፈክር ይበጃል እንጂ ታሪኩን አይነግረንም። ክፍተቱን የሞሉት ተቋማት ናቸው፤ የባፕቲስትና የቅድስና አብያተ ክርስቲያናት፣ የመረዳጃ ማኅበራት፣ የመንገድ ሰልፎች። ቦልደን ራሱ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነበር። አብረውት የኖሩ ሙዚቀኞች እንዳወሱት፣ የምቱንና የጥሪውን ነገር የቀዳው ከምእመናኑ ጭብጨባና መልስ ነው። በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ በ1931 እዚያው ሞተ። ድምፁ የተቀረጸበት አንድም ሸክላ አልቀረልንም። የዚህ ሙዚቃ አባት ድምፅ ዝም ማለቱን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ሌላው መንገድ ፖለቲካ ነው። ክሬዎል የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ኖታ ማንበብ የሚያውቁ፣ ክላሪኔትና ቫዮሊን በወጉ የተማሩ ቅይጥ ዘር ያላቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከጥቁሮቹ ተለይተው ኖረው ነበር። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያው ከኒው ኦርሊንስ በተነሳው የፕሌሲ ክስ ላይ የዘር መለያየትን ሕጋዊ ሲያደርግ እነርሱም በአንድ ወገን ተደመሩ። ኖታ የሚያነብ ጣትና ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ጆሮ በአንድ ባንድ ተገናኙ። ያ ውሳኔ ግፍ ነበር፤ ግፉም ሳያስበው ሁለት እውቀቶችን አጋጠመ።

የመረዳጃ ማኅበራቱን ለመረዳት ደግሞ እድርን ማሰብ ይበቃል። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ በክብር ይቀበራል። ምሁራን መነሻቸውን በምዕራብ አፍሪካ የቀብርና የምሥጢር ማኅበራት ውስጥ ይፈልጋሉ። በኒው ኦርሊንስ ክብሩ ባንድን ይጨምራል። ወደ መቃብር ሲሄዱ ባንዱ በዝግታ የሐዘን መዝሙር ይነፋል፤ ከበሮው ታፍኖ ይመታል። አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ የታፈነው ከበሮ ይፈታል፤ ምቱ ይፈጥናል፤ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ከቤተሰቡና ከባንዱ ኋላ ያለው «ሁለተኛው ረድፍ» የሚባለው ሕዝብ እየጨፈረ ይከተላል። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ሐዘን ቀላቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ለእነርሱ ግን ነፍስ ወደ አገሯ ተመልሳለችና መሸኘት ያለባት በደስታ ነው፤ የኮንጎው ዑደት በነሐስ ጥሩምባ ሲነፋ ማለት ነው። በጥሩምባው ፊት ለፊት የሚጨፍረው ሰው አድማጭ ነው ወይስ ተጫዋች? ባንዱ ምቱን የሚያስተካክለው የእርሱን እግር አይቶ ነውና ሁለቱንም ነው።

መሣሪያ ሲናገር

የናይጄሪያ ዮሩባዎች ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ የሚለወጥ ነው። ስለዚህ ዱንዱን የተባለው ከበሮ ገመዱ በክንድ ሲጨመቅ ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ ቃል ይናገራል፤ ምሳሌ ይጠቅሳል፣ ስም ይጠራል፣ አማልክትን ያወድሳል። ከበሮ መናገሩ እዚያ ዘይቤ አይደለም፤ ሰሚው ቃሉን ይሰማል። ይህ አስተሳሰብ አሜሪካ ሲደርስ ቋንቋው ቢጠፋም፣ «መሣሪያ መናገር አለበት» የሚለው ሕግ አልጠፋም። በ1920ዎቹ በዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ ባበር ማይሊና ትሪኪ ሳም ናንተን ጥሩምባቸውንና ትሮምቦናቸውን አፉ ላይ የቧንቧ መክፈቻ ጎማ እየከፈቱና እየደፈኑ ያስለቅሱት፣ ያስቁት፣ ያናግሩት ነበር። የአውሮፓ ኮንሰርቫቶሪ ጥርት ያለ ድምፅን ሲሻ፣ እነርሱ የሻከረ፣ የተጎረነነ፣ ሰው ሰው የሚሸት ድምፅ ፈለጉ። ሁለቱ የተለያዩ የውበት ሕጎች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ጉድለት አይደለም።

ይህ ሕግ ከፍታው ላይ የደረሰው በሳክስፎን ነፊው በጆን ኮልትሬን ነው። ኮልትሬን በ1926 በሰሜን ካሮላይና ተወለደ፤ ሁለቱም ወንድ አያቶቹ የጥቁሮች የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። በ1957 ከአደንዛዥ ዕፅ ተላቅቆ ሕይወቱን ለአምላክ ሰጠ። ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ ስቱዲዮ ውስጥ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የምስጋና ጸሎት የሆነውን ሥራውን «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ቀረጸ። አራተኛው ክፍል «መዝሙር» ይባላል። በሸክላው ልባስ ላይ ራሱ የጻፈው ጸሎት ታትሟል። ጸሎቱን በእጅዎ ይዘው ሳክስፎኑን ቢያዳምጡ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል፦ ሳክስፎኑ ቃላቱን ፊደል በፊደል እያነበበ ነው። ዘማሪ የለም፤ ሆኖም ጸሎቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቧል። እኔ ይህን በጨረስኩ ቁጥር በዮሩባ ከተሞች የሚናገረውን ዱንዱን አስባለሁ። ኮልትሬን ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ሕጉን ግን በአያቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሰምቶት አድጓል፤ እዚያ ሰባኪው ሲሞቅ ንግግሩ ዜማ ይሆናል፣ ዜማውም ጉባኤውን ያስነሳል።

የብሉዝ ቅኝትን በአጭሩ ልንካው። በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል የሚንሸራተተው፣ ደስታም ሐዘንም የማይባለው ድምፅ ከሰሃራ በረሃ በታች ካለው የሳህል ቀበቶ ጋር እንደሚዛመድ ጌርሃርድ ኩቢክን የመሰሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ድምፅን እየጎተቱና እያንቀጠቀጡ መዘመር ምዕራብ ሱዳን ከሚባለው እስላማዊ የምዕራብ አፍሪካ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ መንፈሳዊው ሥር የቮዱና የኮንጎ ብቻ አይደለም፤ የአዛን ድምፅ የለመደ ጆሮም አለበት።

የተመለሰው ከበሮ

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1947 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ጥሩምባ ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ ቻኖ ፖዞ የተባለውን ኩባዊ የኮንጋ ከበሮ መቺ አቀረበ። ፖዞ የአባኩዋ ማኅበር አባል ነበር። አባኩዋ በናይጄሪያና በካሜሩን ድንበር ካለው ከክሮስ ወንዝ አካባቢ በባሮች ወደ ኩባ የተሻገረ የወንዶች የምሥጢር ማኅበር ነው፤ ማዕከሉም የነብር ድምፅ ያወጣል የሚባል ከበሮ ነው። በዚያ ምሽት ፖዞ ከበሮውን እየመታ የማኅበሩን ዜማ ዘመረ። በሰሜን አሜሪካ የተከለከለው ከበሮ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በኩባ በኩል ዞሮ፣ ከነጸሎቱ በኒው ዮርክ ስመ ጥር አዳራሽ ውስጥ ገባ። ፖዞ በማግሥቱ ዓመት በሃርለም በጥይት ተገደለ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች መንገዱን በተቃራኒው ሄዱበት። ፒያኖ ተጫዋቹ ራንዲ ዌስተን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሞሮኮ ገብቶ ታንጂየር ላይ ኖረ፤ ከግናዋዎችም ተማረ። ግናዋዎች ከሰሃራ በታች በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ በሚዘልቅ ሥርዓት በዜማና በብረት ጸናጽል መናፍስትን ጠርተው ሕመምተኛ ይፈውሳሉ፤ በዛር ቤት የሚሆነውን የሰማ አንባቢ አይደንቀውም። በ2024 የዓለም የጃዝ ቀን ዋና ዝግጅት የተካሄደው በዚያችው በታንጂየር ነበር። ኮልትሬንም ከመሞቱ ሦስት ወር በፊት፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1967፣ ናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂ በሃርለም በከፈተው የአፍሪካ ባህል ማዕከል ተጫወተ። የተቀረጸው የመጨረሻ መድረኩ ያ ነው።

ታዲያ ሁሉም አልተስማማም፤ አለመስማማቱም ጠቃሚ ነው። ታላቁ ከበሮ መቺ አርት ብሌኪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ግን ጃዝ ያለ አሜሪካ ሊኖር አይችልም፣ ከአፍሪካ ጋርም አታያይዙት ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። በምሁራኑ መንደርም ሜልቪል ሄርስኮቪትስ በ1941 የአፍሪካ ቅርስ በአሜሪካ ጥቁሮች ሕይወት ውስጥ ሕያው ነው ሲሉ፣ ጥቁሩ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፍራንክሊን ፍሬዚየር ባርነት ያን ሁሉ አጥፍቶታል ብለው ተቃወሙ። የፍሬዚየር ስጋት ይገባኛል፤ «አፍሪካዊ ናቸው» የሚለው ቃል ጥቁሮችን ከአሜሪካዊነት መንፈጊያ ሆኖ ሲያገለግል አይተዋል። የብሌኪም ይገባኛል፤ የራሱ ሕዝብ በራሱ ላብ የሠራውን ነገር ወደ ሩቅ አህጉር አሻግረው ሠሪዎቹን እንዳይዘሏቸው ነበር የሚጠነቀቀው።

መዝለሉ ደግሞ በእርግጥ ተሞክሯል። በፌብሩዋሪ 1917 የመጀመሪያውን የጃዝ ሸክላ የቀረጹት አምስት ነጮች ነበሩ፤ መሪያቸው ኒክ ላሮካ ኋላ ላይ ጥቁሮች በጃዝ መፈጠር ድርሻ አልነበራቸውም እስከማለት ደረሰ። በ2011 የኒው ኦርሊንሱ ጥሩምባ ነፊ ኒኮላስ ፔይተን «ጃዝ» የሚለው ስም ራሱ ከሌሎች የተለጠፈብን ነውና ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቃ በሉት ብሎ ሲነሳ ትልቅ ክርክር ያስነሳው ይህ ታሪክ ከጀርባው ስላለ ነው።

እኛስ?

በእኛም ዘንድ አንዳንዴ «ጃዝ አፍሪካዊ ነው፣ ስለዚህም የእኛ ነው» የሚል ኩራት ይሰማል። ኩራቱን አልነቅፍም፤ አመክንዮው ግን አይቆምም። አትላንቲክን ያቋረጡት መርከቦች የጫኑት የሴኔጋምቢያን፣ የቤኒንን፣ የኮንጎን፣ የክሮስ ወንዝን ልጆች ነው። ትዝታና ባቲ በእነዚያ መርከቦች አልተሳፈሩም። ከጃዝ ጋር ያለን ዝምድና ኋላ የመጣ፣ በመማር የተገኘ ነው፤ ለእኔ ይህ አያሳንሰውም።

ሙላቱ አስታጥቄ ከዌልስና ከለንደን ትምህርታቸው በኋላ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኒው ዮርክም ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር እየተጫወቱ በ1966 የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸውን አሳተሙ። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ኮንጋ አለ፤ ፖዞ ወደ ጃዝ ያስገባው ከበሮ። አምስት ድምፅ ያለውን የእኛን ቅኝት ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ ስምምነት ጋር ቅኝቱ ሳይበላሽ ማግባባት ዋና ጭንቃቸው ነበር፤ መፍትሔውንም ኢትዮ ጃዝ አሉት። የዲራሼ ሕዝብ በቀርከሃ ዋሽንቶቹ የሚያወጣውን ቅኝት የጃዝ ሳክስፎን ነፊው ቻርሊ ፓርከር ከተጠቀመበት ጋር እያነጻጸሩ ደጋግመው ይናገራሉ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱም አብረውት ሠሩ። ኤሊንግተን በሚቀጥለው ዓመት አረፈ።

ከሙላቱ ይልቅ የጃዝን ሕግ በራሱ መንገድ የደረሰበት ግን ጌታቸው መኩሪያ ይመስሉኛል። ክራርና ማሲንቆ ጀምረው ወደ ሳክስፎን የተሻገሩት ጌታቸው፣ ገና በ1950ዎቹ ሽለላን ከጀግና አፍ አውጥተው በሳክስፎን ላይ አኖሩት። ሲነፉ ቃሉ ይሰማል ማለት ይቻላል፤ ጎራ ይላል፣ ይፎክራል፣ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይጣራል። የውጭ ተቺዎች ኋላ ሲሰሟቸው ከአሜሪካዊው የነጻ ጃዝ ሳክስፎን ነፊ ከኦርኔት ኮልማን ጋር አመሳሰሏቸው። መሣሪያ መናገር አለበት የሚለውን የዮሩባ፣ የኒው ኦርሊንስና የኮልትሬን ሕግ የይፋቱ ሰው ከፉከራ ባህላቸው ነው ያገኙት።

ወደ መነሻችን እንመለስ፤ ክርክሩ አሁንም አላለቀምና። የኮንጎ አደባባይ ከ1893 ጀምሮ በይፋ ይጠራ የነበረው ለባርነት በተዋጋ ጄኔራል ስም ነው፤ የከተማዋ ምክር ቤት የቀድሞ ስሙን በይፋ የመለሰው በ2011 ነው። አደባባዩ ባለበት በትሬሜ ሰፈር የክሌይቦርን ጎዳና ትላልቅ ዛፎች በ1966 ተቆርጠው በላያቸው አውራ ጎዳና ተሠራ። የመንገድ ሰልፍ የሚያልፍበት ጥላ ኮንክሪት ሆነ። ከ2005ቱ የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የቤት ኪራይ ናረ፤ ነባሮቹ እየለቀቁ አዲስ ገቢዎች መጡ። በኦክቶበር 2007 ሟች ጓደኛቸውን በሰልፍ የሚያስቡ ሙዚቀኞችን ፖሊስ በትኖ ሁለቱን አሰረ። በ2021 ደግሞ ከንቲባዋ የከተማዋን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከአደባባዩ አጠገብ ወዳለው የተዘጋ አዳራሽ ለማዛወር ሲያስቡ፣ ነዋሪዎችና ሙዚቀኞች ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ። ቱሪስት ለጃዝ ወደ ከተማዋ ይመጣል፤ ጃዝን የሚወልደው ሰፈር ግን ኪራይ መክፈል ያቅተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መረዳጃ ማኅበሩና መንገዱ ከፈረሱ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የተፈቀደው ጃዝ ከየት ይመገባል? ይህን ጥያቄ የ2022ቱ የቦርድ ውሳኔ አይመልሰውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በኮንጎ አደባባይ ዛሬም ከበሮ መቺዎች በክብ ይቀመጣሉ። የሰፈሩ አዛውንት፣ ልጆች፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አብረው ይመታሉ። ላትሮብ ፈረስ የሚረግጥ የመሰለው ድምፅ እስከ ራምፓርት ጎዳና ድረስ ይሰማል፤ ተከትሎት የመጣ ሰውም ክቡ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል።